የአሮጌው ፒክአፕ ራዲያተር፦ ከሴቻ ዳገት እስከ ሶማሌ ተራ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አርባ ምንጭ፣ አንድ ስም የያዙ ሁለት ከተሞች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በስተታች፣ በሜዳው ላይ፣ ገበያውና የአውቶቡስ ጣቢያው ያለበት ሲቀላ አለ። በስተላይ፣ በተረተሩ ላይ፣ የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች የሰፈሩበት ሴቻ ይገኛል። ሁለቱን የሚያገናኘው አራት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዳገት ነው። ከዚያም አልፎ ወደ ጋሞ ደጋ የሚያቀናው የጨንቻ መንገድ፣ በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይወጣል።

በእንዲህ ያለ አገር ለሚሠራ አሮጌ ፒክአፕ፣ ዕድሜውን ከሚወስኑት ክፍሎች አንዱና ዋነኛው ራዲያተሩ ነው። ሙዝና ጤፍ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተጭኖበት በቆላው ሙቀት ዳገት የሚገፋ ሞተር፣ ውሃው በአግባቡ ካልቀዘቀዘለት ቴስታታው ይጣመማል፤ ፒስቶኑም ይነክሳል። ስለዚህ ራዲያተሩ ሲበላሽ ባለቤቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ፋብሪካው መሥራቱን ከተወው ብዙ ዓመት ለሆነው መኪና፣ አቅም በሚፈቅደው ዋጋ፣ ምትክ ራዲያተር ከየት ይገኛል?

ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይምሰል እንጂ መልሱ ያለው በሙያ ታሪክ ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም፣ ለአሮጌ መኪና ከሁሉ ርካሹ ራዲያተር መኪናው ይዞት የመጣው የራሱ ራዲያተር መሆኑን፣ ይህም እውነት ሆኖ የሚቆየው የሚያድሰው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን ማሳየት ነው።

ራዲያተር ከየት ተነሣ

ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ሦስት እግር መኪና የሚቀዘቅዘው ውሃው እየፈላ በእንፋሎት መልክ ሲወጣ ነበር። ስለዚህም ነጂው በየመንገዱ ውሃ መጨመር ነበረበት። ለዚህ ችግር ዘላቂ መፍትሔ የሰጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባኽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1901 በወጣው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ ላይ፣ ወርዳቸው ስድስት በስድስት ሚሊ ሜትር የሆኑ 8,070 ቱቦዎች አንድ ላይ የተበየዱበትን የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር አዋለ። አየሩ በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ውሃው ደግሞ በቱቦዎቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ያልፋል። በዚህ ዘዴ ጥቂት ውሃ ብዙ ሙቀት ሊያስወግድ ቻለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች አሠራሩን አቀለሉት። ውሃ የሚሄድባቸው ጠፍጣፋ የናስ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ መካከል ሙቀቱን ለአየር የሚያስተላልፉ ስስ የመዳብ ክንፎች፣ ከላይና ከታች ውሃ የሚጠራቀምባቸው ሁለት የናስ ቋቶች ተደርገው፣ ሁሉም በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ይያያዛሉ። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው ከ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ነው። መዳብ ግን እስከ 1,085 ዲግሪ ይጸናል። እንግዲህ በፋብሪካ የተጣበቀውን ነገር ሁሉ አንድ ጠጋኝ በቀላል ማቅለጫ ፈትቶ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል ማለት ነው። የመዳብ ራዲያተርን ለድሀ አገር ተስማሚ ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው። የተሠራበት መንገድ ራሱ የሚታደስበት መንገድ ነው።

መኪናውና ባለሙያው በኢትዮጵያ

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ይዞት መጣ። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሙያው የሚሳደብ ሰው እንዲታረም የሚያስጠነቅቀውን አዋጅ ያስነገሩትም በዚያው ዘመን ነው። መኪናና የብረት ሠሪ ክብር አብረው መነሣታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ትርጉም አልባ ግን አይደለም። መኪና በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ዕድሜው የሚረዝመው ግን አገር ውስጥ ባለ ባለሙያ እጅ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪናዎች በብዛት ገቡ። ከድሉም በኋላ በአዲስ አበባና በአስመራ የቀሩ ጣሊያናውያን ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በእነዚህ ጋራዦች በረዳትነት ገብተው ሙያውን በዓይናቸው ተማሩት። ዛሬ በማንኛውም የኢትዮጵያ ጋራዥ የሚነገሩት ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታና ላሜራ የተባሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። የራዲያተር ጥገናም እንደ ሌሎቹ የጋራዥ ሥራዎች ከመጽሐፍ ይልቅ በእጅ የተላለፈ ሙያ ነው። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤትና ከእርሱ በኋላ የተቋቋሙት የሙያ ትምህርት ቤቶች ለሌሎች የብረት ሥራዎች መደበኛ ትምህርት ሲሰጡ፣ የራዲያተር ጠጋኙ ትምህርት ቤት ግን በአብዛኛው የጌታው ወርክሾፕ ሆኖ ቀርቷል።

በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአውራ ጎዳና ሥራ ሲጀመርና የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ሲቋቋም፣ መኪና ከዋና ከተማው ርቆ ለመሄድ በቃ። ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨርና፣ በኋላም የጃፓኑ ላንድ ክሩዘር፣ በየጠቅላይ ግዛቱ የመንግሥትና የሚሲዮን ሥራ ዋና መጓጓዣ ሆኑ። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ፣ ከአውሮፓ የሚመጣው መለዋወጫ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ነበረበት። የጃፓን ዕቃ ግን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ስለሚመጣ መንገዱ አልረዘመበትም። የመለዋወጫ ነገር ከሩቅ አገር ፖለቲካ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

ሴቻ ላይ የሚያረጁ መኪናዎች

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር፣ ሴቻ የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ሆነ። መሥሪያ ቤት ባለበት የመሥሪያ ቤት መኪና አለ። መኪናው የመንግሥት አገልግሎቱን ሲጨርስ በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢውም ነጋዴ ወይም ገበሬ ይሆናል። አንድ ፒክአፕ ሁለተኛ ሕይወቱን የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ያበቃው ባለ 40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕና፣ እ.ኤ.አ. በ1968 መሠራት የጀመረው የሃይሉክስ የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። ፋብሪካቸው የረሳቸውን እነዚህን መኪናዎች የሙዝ፣ የአፕልና የሸማ ነጋዴው አልረሳቸውም።

ሁለተኛው ሕይወት ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ነው። ጭነቱ ይበዛል፤ ጥገናው ያንሳል፤ ውሃውም ከየምንጩና ከየወንዙ ይቀዳል። ማዕድን ያለበት ውሃ ሲሞቅ፣ በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ዝቃጭ በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ደፍርሶ የተቀዳ ውሃ ደግሞ ደለሉን ይጨምርበታል። ከውጭ በኩል አቧራና ነፍሳት ክንፎቹን ይደፍናሉ። የመንገዱ ንዝረት በበኩሉ ቋቱ ከቱቦዎቹ የሚገናኝበትን ስፌት ያላላል። ራዲያተር በአንድ ቀን አይሞትም፤ ቱቦ በቱቦ ይደፈናል እንጂ።

የዳገቱ ሂሳብ

ችግሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ጭነቱን ጨምሮ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ 1,400 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 34 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። በተለመደው የሞተር ግምት ከነዳጁ ኃይል አንድ ሦስተኛው ወደ ጉልበት ይለወጣል፤ አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ቀሪው አንድ ሦስተኛ በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መወገድ አለበት። እንግዲህ ራዲያተሩ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ቢያንስ ሌላ 34 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ወደ አየር መጣል ይኖርበታል። ይህ ሙቀት 15 ሊትር የፈላ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚበቃ ነው። የአንድ ትልቅ ፒክአፕ መላ የማቀዝቀዣ ውሃ ከሞላ ጎደል ይህን ያህል ነው።

በዚህ ላይ የከፍታው ነገር ይጨመራል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአርባ ምንጭ ከፍታ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ በጨንቻ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ ውሃው ግን ቀድሞ ለመፍላት ይዘጋጃል። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ግፊት የሚይዝ ክዳን በጨንቻ ከፍታ ላይ እንኳ መፍያውን ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ነገር ግን ስፌቱ የሚያፈስ ራዲያተር ግፊት አይይዝም። ስለዚህ ለዓይን የማትታይ ቀዳዳ የምታጠፋው ጥቂት ጠብታ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ የደኅንነት ልዩነት ጭምር ነው።

በቆላ አካባቢ አንዳንድ መካኒኮች ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥተው የመጣል ልማድ አላቸው። ይህ ለጊዜው የሚረዳ ቢመስልም፣ የተደፈነ ቱቦ አይከፍትም፤ ደጋ ላይ ደግሞ ሞተሩ ተገቢ ሙቀቱን ሳያገኝ እንዲሠራና ነዳጅ እንዲያባክን ያደርጋል። በሌላ በኩል፣ አሮጌው ራዲያተር ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ሆኖ ሳለ ከአዲስ መኪና የተወሰደ ከባድ ክዳን ቢገጠምበት፣ ስፌቱ ይፈነዳል።

የፍለጋው መንገዶች

ምትክ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ አራት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው ከአስመጪ አዲስ የፋብሪካ ዕቃ መግዛት ነው። ለቆየ ሞዴል ዕቃው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ይሆናል።

ሁለተኛው ከፈራረሰ መኪና የወጣ አሮጌ ራዲያተር መግዛት ነው። ለዚህ በአገሪቱ በሙሉ ስሙ የገነነው የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራም አሮጌ ብረታ ብረት ፈልጎ የሚያጣ ጥቂት ነው ይባላል። ነገር ግን ከሴቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ሲደመር ርካሹ ዕቃ ርካሽነቱ ይቀንሳል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ የተገዛው ራዲያተር ከወጣበት መኪና ጋር እኩል ያረጀ ነው። ሳይፈተሽ የተገዛ እንደ ሆነ ገንዘቡ የሚወጣው አንዱን የተደፈነ ራዲያተር በሌላ የተደፈነ ለመለወጥ ነው።

ሦስተኛው የሌላ መኪና ራዲያተር አስማምቶ መግጠም ነው። ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ ሆኖም በልክ እንጂ በዓይን ግምት አይሠራም። ቱቦና ክንፍ የተደረደረበት መካከለኛው ክፍል፣ ማለትም የራዲያተሩ ሆድ፣ ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ፤ የቱቦዎቹ ረድፍ ብዛት፤ የውሃ መግቢያና መውጫው ቦታና ዲያሜትር፤ ከቬንትሌተሩ ያለው ርቀት፤ የማሰሪያዎቹ አቀማመጥና የክዳኑ ግፊት ሁሉ በወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው። የሆዱ ስፋት ከቀድሞው ያነሰ ከሆነ ራዲያተሩ ሜዳ ላይ ይበቃ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ግን አይበቃም።

አራተኛው አሮጌውን ማደስ ነው። ታሪኩ የሚያተኩረውም በዚህኛው ላይ ነው።

የጠጋኙ ሥራ

የራዲያተር ጠጋኝ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መመርመር ነው። መግቢያና መውጫውን ደፍኖ፣ በመጠኑ አየር ሞልቶ፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋው የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከዚያም ውሃ ከላይ ለቆ ከታች በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ያያል። ውሃው የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ መፍሰስ ብቻ ሳይሆን መደፈንም ነው። የሰለጠነ ጠጋኝ መዳፉን በሞቀ ራዲያተር ፊት እያሳለፈ ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረውን፣ ማለትም ውሃ የማያልፍበትን ክፍል፣ ለይቶ ያውቃል።

ጥገናው ሦስት ደረጃ አለው። ቀላሉ ቀዳዳውን በቅይጥ መድፈን ነው። ቀጥሎ ያለው የላይኛውን ቋት በእሳት ፈትቶ፣ በእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ቱቦ ውስጥ ስስ የብረት ዘንግ እያስገባ ዝቃጩን መጥረግና መልሶ መበየድ ነው። ከባዱ ደግሞ የበላውን ሆድ አውጥቶ፣ የቀድሞዎቹን ቋቶችና ማሰሪያዎች እንደ ያዙ፣ በልካቸው አዲስ ሆድ መግጠም ነው። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ጋር የመስማማት ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም። ቋቱ ያው ነው፤ ቱቦው ያው ነው፤ ማሰሪያውም ያው ነው። ባለቤቱ የሚከፍለው ለመዳቡና ለእጁ ብቻ ይሆናል።

የማይገባ ጥገናም አለ። የሚያፈስሰውን ቱቦ ጫፍና ጫፉን መድፈን የተለመደ ዘዴ ነው፤ ከ60 ቱቦ 10ሩ ከተደፈኑ ግን ከቱቦዎቹ አንድ ስድስተኛ ያህሉ ከሥራ ወጥተዋል። እንቁላል ወይም ሌላ የሚረጋ ነገር ራዲያተር ውስጥ መጨመርም በየአገሩ የሚታወቅ የነጂዎች መላ ነው። ቀዳዳውን ለአንድ ጉዞ ቢደፍንም፣ ደኅናዎቹንም ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል።

ሙያው አደጋም አለው። ቅይጡ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው። በተለይ አሮጌው ስፌት ሲፋቅ የሚነሣው አቧራና ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ ቀስ በቀስ ደምንና ነርቭን ይጎዳል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ናሱን ለማጽዳት የሚያገለግለው አሲድም ሳንባንና ዓይንን ያቃጥላል። በጠባብ ቤት፣ ያለ ጓንትና ያለ አየር መውጫ፣ ረዳቱ ሕፃን ልጅ ሆኖ የሚሠራ ጠጋኝ፣ ለሌላው ርካሽ የሆነውን ራዲያተር በራሱና በልጁ ጤና ይከፍልበታል።

ለዚህ ሰው የሚሰጠው ክብር ደግሞ አነስተኛ ነው። በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ከገበሬው ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀሉና መሬት ሳይይዙ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ነገሩ ብዙ የተለየ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የማግኘትን መብት ለሁሉም ቢያውጅም፣ እሳትና ብረት የሚነካን እጅ ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የራዲያተር ጠጋኙ የዚህ ሙያ የዘመኑ ወራሽ ነው። ልጁን ሌላ ነገር እንዲማር ሲገፋፋው ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

አሉሚኒየም መጣ

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓ ፋብሪካዎች፣ በኋላም ሌሎቹ፣ ከመዳብ ወደ አሉሚኒየም ዞሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ ቢያንስም ክብደቱ የመዳብ ሢሶ እንኳ አይሞላም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ቋቶቹ ከፕላስቲክ ተሠርተው በጎማ ማተሚያ ላይ ተቆልምመው ይያያዛሉ። ራዲያተሩ ቀላልና ርካሽ ሆነ፤ ሆኖም ለመጣል የተሠራ ሆነ። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ አይበየድም፤ አሉሚኒየሙም ፊቱን በሚሸፍነው ስስ ዝገት ምክንያት የተለመደውን ቅይጥ አይቀበልም። የመዳብ ጠጋኙ ብረቱንና እሳቱን ይዞ ፊቱ ቢቆምም የሚያደርገው ነገር የለም።

ለአሮጌ ፒክአፖች የሚሆኑ የአሉሚኒየም ምትኮች ከውጭ ይመጣሉ፤ ለተወሰነ ጊዜም በደኅና ሁኔታ ይሠራሉ። ጥያቄው የሚነሣው ሁለተኛው ምትክ ሲያስፈልግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ከባድ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ አሮጌው መኪና በሌላ የሚተካበት መንገድ ሲጠብ፣ ከውጭ የሚገባው ራዲያተር ዋጋም በብር ሲታሰብ እጥፍ ለመሆን ተቃረበ። አሮጌው ፒክአፕ ከቀድሞው ይበልጥ ረጅም ዘመን መሥራት የሚገባው፣ ጠጋኙ እያነሰ በሚሄድበት በዚሁ ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ነገር ያመለክታል። አቅም የሚፈቅደው ራዲያተር ከየት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሱቅ ስም ሳይሆን የሙያ ስም ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የሴቻን ዳገት የሚያውቅ ጠጋኝ በሴቻ ወይም በሲቀላ ቢኖር፣ 1,000 ኪሎ ሜትር የፍለጋ ጉዞ ይቀራል።

ይህ ሙያ እንዲቆይ የመሐንዲሱ እገዛ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገውም ብዙ ገንዘብ አይደለም። በአገሪቱ በብዛት ያሉት የቆዩ ፒክአፖች የራዲያተር ልክ በአንድ ሰንጠረዥ ተጠናቅሮ በአማርኛ ቢታተም፣ ጠጋኙም ገዢውም ከግምት ይድናሉ። የግፊትና የውሃ ፍሰት ፍተሻ በጥቂት መሣሪያ በየወርክሾፑ ሊደረግ ይችላል፤ የታደሰ ራዲያተርም የተፈተነበት ግፊት ተጽፎበት ሊሰጥ ይገባል። በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጩ ተቋምና በአካባቢው ያሉት የሙያ ማሠልጠኛዎች፣ የመዳብን ብየዳ ከአሉሚኒየም ብየዳ ጋር አያይዘው ቢያስተምሩ፣ በእጅ ብቻ ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት በጽሑፍም ይተላለፋል። እርሳሱን በሚመለከት ደግሞ አየር መውጫ ያለው ጠረጴዛ፣ ጓንት፣ ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብና ሕፃናትን ከወርክሾፑ ማራቅ፣ ማንም ሊፈጽማቸው የሚችላቸው የመጀመሪያ ጥንቃቄዎች ናቸው።

መሐንዲስ አዲስ ነገር በመንደፍ ብቻ ሳይሆን የተሠራውን በማቆየትም ይመዘናል። ከጨንቻ ገበያ የሚመለስ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ዳገቱን ሳይፈላ ወጥቶ ከነጭነቱ በሰላም ሲወርድ፣ ከጀርባው ስሙ የማይጻፍ አንድ የናስና የመዳብ ባለሙያ አለ። ይህ ባለሙያ ያለ ተተኪ እንዳይቀር ማድረግ የሙያው ባልደረቦች ሁሉ ግዴታ ነው።